ማስተካከያ፦ የከተማ ዳርቻ ቤቶች በሰደድ እሳት ስለሚያያዙበት መንገድ
እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ16,000 በላይ ሕንፃዎችን ያወደሙትን የፓሊሴድስና የኢተን ሰደድ እሳቶች አስመልክቶ ቀደም ሲል በወጣው መረጃ፣ ቤቶቹ የተቃጠሉት ነበልባሉ በቀጥታ ስለደረሰባቸው ብቻ እንደሆነ ተገልጿል። ይህ ሊታረም ይገባዋል። ደረቁና ኃይለኛው የሳንታ አና ነፋስ የጋሉ ፍንጣሪዎችን ከእሳቱ ግንባር አርቆ እየወሰደ በጣሪያ ክፍተት፣ በአየር ማስገቢያና ደረቅ ቅጠል በሞላው አሸንዳ ውስጥ ስለሚጥላቸው፣ ነበልባሉ ገና ሳይደርስ ቤቶች ሊያያዙ ይችላሉ፤ አንዱ ቤት ሲነድም ፍንጣሪው ለጎረቤቱ ይተርፋል። ነፋሱ በበረታባቸው ሰዓታት ደግሞ አውሮፕላኖች ውኃ መርጨት አልቻሉም። «እሳቱን ሲያዩ ይውጡ» የሚለው ምክርም በዚሁ ታርሟል፦ የመልቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ነዋሪ ነበልባል እስኪያይ መጠበቅ የለበትም፤ ወዲያውኑ ይውጣ።