ማስተካከያ፦ ከአበባ ማሰሮው ታች ጠጠር አታድርጉ

ባለፈው ስለ ቤት አበባ ስጽፍ «ውሃው ቶሎ እንዲወርድ ከማሰሮው ታች ሦስት ጣት ያህል ጠጠር ጨምሩ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጠጠር ፍለጋ ግንባታ ቦታ የዞራችሁ፣ ይቅርታ።

ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ቶሎ አይወርድም። አፈሩ በደንብ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ተይዞ ይቆያል። ሥሩ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ጠጠሩ ቦታ ከመሻማት በቀር የሚፈይደው የለም።

የገባኝ የራሴው አበባ ሲጠወልግ ነው። አዳማ ሲሞቅ ቅጠል ከጠወለገ ሁላችንም ጆግ ነው የምናነሳው። እኔም አጠጣሁ፤ ባሰበት። ነቅዬ ሳየው ሥሩ ውሃ በዝቶበት በስብሶ ቡናማ ሆኗል። ሲነኩት ልጣጩ እንደ ካልሲ ይወልቃል፣ ሽታውማ አይጣል ነው! ጤነኛ ሥር ብዙውን ጊዜ ነጣ፣ ጠንከር ያለ ነው።

ዋናው ነገር የማሰሮው ቀዳዳ ነው። አፈር እንዳያፈስ ቁራጭ የአሮጌ አጎበር ጨርቅ ይበቃዋል። አፈሩ ጭቃ ከሆነ ኮምፖስትና ሸካራ አሸዋ ቀላቅሉበት። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱ፤ እርጥብ ከሆነ ጆጉን መልሱት። ከሥር ሳህን ላይ የተጠራቀመውንም ውሃ ድፉት።