ማሳጁ ይቅርብን፣ ፈቃዳችንን አትንኩብን

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዞር የሰነበተውን የአንድ የግል ድርጅት ማስታወሻ አይታችሁት ይሆናል። ሰራተኛው በሙሉ ከአርብ ጠዋት እስከ እሁድ ማታ ቢሾፍቱ ያለ ስፓ ሪዞርት ለሪትሪት፣ ማለትም ከቢሮ ውጭ ለሚደረግ የጋራ ቆይታ ይወጣል፣ ምግቡም መጠጡም አልጋውም ማሳጁም በድርጅቱ ነው፣ የሚቀር ሰው ምክንያቱን በደብዳቤ ለኤች አር፣ ለሰው ኃይል ክፍሉ፣ ያስገባል። እስከዚህ ድረስ የለመድነው ነገር ነው። ደሜን ያፈላው ከታች የተጻፈው ነው፦ አርብና ቅዳሜ «ሙሉ ወጪው በድርጅቱ የተሸፈነ እረፍት በመሆኑ» ከዓመት ፈቃድ ላይ ይቀነሳል።

ይሄን ደግሞ የሚከላከል ሰው አልጠፋም። ዋናው መከራከሪያቸው «ሳውና ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንዴት ሥራ ላይ ነው ይባላል» የሚል ነው። ከማስታወሻው ጋር የተያያዘውን ፕሮግራም ገልጣችሁ አይታችሁታል ወይ? ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:00 አዳራሽ ውስጥ የዕቅድ ውይይት፣ ከዛ የግማሽ ሰዓት ማሳጅ በየተራ፣ ከእራት በኋላ እስከ ምሽቱ 3:00 የቡድን ጨዋታ፣ እሁድ በማለዳ ደግሞ ስፖርትና ገመድ ጉተታ። ሳውናው የት ነው ያለው? ቀኑን ሙሉ ፓወርፖይንት ሲያይ የዋለን ሰው ግማሽ ሰዓት ጀርባውን አሽታችሁ ሁለት ቀን ፈቃዱን ትወስዳላችሁ፣ ይሄን እረፍት ብላችሁ ስትጽፉ እጃችሁ እንዴት አልተንቀጠቀጠም?

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ ማለትም 1156/2011፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ግልጽ ነው። የሥራ ሰዓት የሚባለው ሰራተኛው ሥራውን የሚሰራበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትም ጊዜ ነው። አለቃው አዳራሽ ጠርቶት፣ ስሙ በአቴንዳንስ ተጠርቶ፣ ስለ ድርጅቱ ዕቅድ የሚወያይ ሰው ሥራ ላይ ካልሆነ ማን ነው ሥራ ላይ ያለው? የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዛ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል፣ ሰራተኛው ራሱ ፈርሞ መብቴን ትቻለሁ ቢል እንኳን ስምምነቱ ዋጋ የለውም። በሳምንታዊ የእረፍት ቀን የሰራ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰዓት 2 እጥፍ ይከፈለዋል። ሌላም ነገር አለ፦ አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ማስታወሻውን የፈረመው ሰው በዚህ ሕግ አይተዳደርም፣ የሚተዳደሩት ከሱ በታች ያሉት ናቸው፣ እሱን የማይነካውን ነገር ነው ከሌላው ላይ የቆረጠው።

እኔን ግን ከፈቃዱም በላይ የሚያንገበግበኝ የእሁዱ ነገር ነው። ሕጉ በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት እረፍት ይላል፣ ያ ቀን ለአብዛኛው ሰው እሁድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሰራ ሰው እሁዱን ምን እንደሚያደርግበት እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ ወይ? ከሰበታ፣ ከለገጣፎ፣ ከአያት በሌሊት ተነስቶ ታክሲ ተሰልፎ ሳምንቱን የጨረሰ ሰው፣ ቅዳሜንም ግማሽ ቀን ገብቶ የዋለ ሰው፣ እሁድ ነው ያለው። ቅዳሴ የሚያስቀድሰው እሁድ ነው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ የሳምንቱን እንጀራ የምትጋግረው፣ የልጅቷን ጸጉር የምትሰራው እሁድ ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ያልደረሰበትን ለቅሶ የሚደርሰው፣ የታመመ ዘመድ የሚጠይቀው፣ ማህበሩም የእድር ስብሰባውም የሚውለው እሁድ ነው፣ ከእድር የቀረ ደግሞ ይቀጣል፣ እድሩ ድርጅቱ ሪዞርት ወስዶኝ ነበር ቢሉት አይሰማም። ይሄ ሁሉ ድካም አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ ይደክማል፣ ግን የራሱ ነው፣ ከልጁ ጋር ነው፣ ማንም ስሙን አይጠራበትም። ይሄንን ቀን ነው ከሰው እጅ ወስዳችሁ ከአለቃው ጋር ገመድ እንዲጎትት ያደረጋችሁት። ሰኞ 2:30 ላይ ደግሞ «እረፍት አድርገሃል፣ በአዲስ ጉልበት» ትሉታላችሁ፣ ቤቱ እንዳለ ያልታጠበ ያልተጋገረ ሆኖ ነው የሚጠብቀው።

ልጅ ያላት ሴት ምን ታድርግ? ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነው፣ ስለዚህ የአምስት ወር ሕፃን ይዛ ሥራ የተመለሰች እናት ብዙ ናት። ከአርብ እስከ እሁድ ለማን ትተወው? ማስታወሻው ቤተሰብ ይዞ መምጣት አይቻልም ይላል። ደብዳቤ ታስገባ ማለት ነው፣ ማጥባቷን ለኤች አር በጽሑፍ ታስረዳ ማለት ነው። ይሄ ነውር ነው። ከወንድ አለቆቿ ጋር ገንዳ ዳር በፎጣ መታየት የማትፈልገዋስ፣ በሃይማኖቷ የማይፈቀድላትስ? እሷም ምክንያቷን ትጻፍ?

የቡፌውም ነገር ያው ነው። አርብ ጾም ነው፣ ሰኔ ላይ ከሆነ ደግሞ የሐዋርያትን የሚጾም አለ፣ መጠጥ የማይቀምስ አለ። ፓኬጁ ግን ሁሉም ሰው ስጋ እንደበላና ቢራ እንደጠጣ ነው የሚከፈልበት። ያንን ብር በእጁ ብትሰጡት የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

ሪዞርቶቹ ላይ ምንም ቂም የለኝም። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፣ በፈጣን መንገዱ ቶሎ ይደረሳል፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ ዳር ቁጭ ብሎ ማደር የሚጠላ የለም፣ ያላገቡ ወጣት ልጆች ደስ ብሏቸው የሚሄዱም ይኖራሉ። ይሂዱ። ድሮ እኮ ሶደሬም ወንዶ ገነትም ሰው በአውቶብስ ተጭኖ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ምግቡን በድስት ቋጥሮ ነው ፍል ውሃ የሚገባው፣ ዋኝቶ ዘፍኖ ይመለስ ነበር፣ ሰልጥን ያለውም አቴንዳንስ የያዘበትም አልነበረም።

ስለዚህ ድርጅቱ ያቺን የፈቃድ መስመር ያውጣት። አርብና ቅዳሜ የሥራ ቀን ተብለው ይመዝገቡ፣ እሁድ ጠዋት መኪናው ሰዉን ይዞ ይመለስ፣ መሄድ ያልፈለገ ደብዳቤ ሳይጠየቅ ቢሮው ገብቶ ይዋል። ይሄ ማስታወሻ ነገ በየድርጅቱ እንደሚቀዳ አልጠራጠርም፣ እና የሰራተኛ ማህበር ያላችሁ ከወዲሁ በኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ አስገቡት። ማህበር የሌላችሁ ደግሞ ተቃውሟችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ ፊርማ አሰባስቡና መኪናው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ስጡ፣ ኮፒውንም ያዙ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ሁለቱ ቀን ተቀንሶ ነው የሚጠብቃችሁ።