ሰርቲፊኬት ያላት ጠጠር

በጅማ ከተማ አልማዝ የሚባሉ እናቶችን ለማግኘት ከአጂፕ እስከ ሄርማታ አንድ ጊዜ ወጣ ብሎ መመለስ ይበቃል፤ አልማዝን በእጁ ይዞ ያየ ሰው ለማግኘት ግን ከዚህ የረዘመ መንገድ ያስፈልጋል። ስሙን ለልጆቻችን ስናወጣ የኖርነው ድንጋዩን አይተን ሳይሆን ውድ ነው ሲባል ሰምተን ነው። ለሠርግም ሆነ ለኒካህ የምናውቀው ወርቅን ነው፤ በሚዛን ተለክቶ ይገዛል፣ ክፉ ቀን ሲመጣም በዚያው ሚዛን ተለክቶ ይሸጣል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ዱባይ እህት ወይም ወንድም ያለው ሙሽራ ሁሉ ከወርቁ ላይ አንዲት ጠጠር ማስቀመጥ ጀምሯል፤ ጠጠሯም ብቻዋን አትመጣም፣ ሰርቲፊኬት ይዛ ነው የምትመጣው።

ግርም የሚለው ጅማ ደረጃ ማውጣት የማያውቅ ከተማ አለመሆኑ ነው። ናሙናውን መዳፉ ላይ አፍስሶ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና ነቀዝ የበላውን ፍሬ በአንድ እይታ የሚለይ፣ አሽትቶ ብቻ ጀንፈሉ ሲደርቅ ዝናብ እንዳገኘው የሚናገር ሰው በየሰፈሩ አለ። ይኸው ሰው ልጁን በሚድርበት ቀን የብዙ ጆንያ ቡና ዋጋ የወጣባትን ጠጠር «እንዴት ታበራለች!» ብሎ ብቻ ይቀበላል። ቡና ላይ ማንንም የማያምን ሕዝብ አልማዝ ላይ ሁሉንም ያምናል።

ጅሬን አካባቢ በተደረገ አንድ የቀለበት ሥነ ሥርዓት ላይ ግን ይህ ልማድ ተሰበረ። የሙሽሪት አጎት ዕድሜያቸውን በቡና አቅራቢነት የጨረሱ ሰው ናቸውና ቀለበቱን ትተው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ጠየቁ። የመጀመሪያው መስመር «ቀለም፦ ዲ» ይላል። ልጆቿን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው የሙሽሪት እናት ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። በእሷ ቤት ዲ ያመጣ ልጅ እራት አይበላም ነበር።

ለእናትየው ማስረዳት ቀላል አልነበረም። የአልማዝ ቀለም መለኪያ ከዲ ጀምሮ እስከ ዜድ የሚወርድ ሲሆን ዲ ምንም ቀለም የሌለው፣ ዜድ ደግሞ ቢጫነቱ በግልጽ የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 የተቋቋመው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ኢንስቲትዩት ይህን መለኪያ በ1950ዎቹ ሲያወጣ ከዲ የጀመረው፣ ቀደም ሲል ነጋዴው ሁሉ የራሱን ድንጋይ «ኤ»፣ ሌላውም እሱን ለመብለጥ «ድርብ ኤ» እያለ ፊደሉን ስላረከሰው ነው። መርማሪዎቹ ድንጋዩን በግንባሩ ደፍተው፣ በተመጠነ ብርሃን፣ ቀለማቸው አስቀድሞ ከታወቀ ድንጋዮች ጎን አድርገው ያስተያዩታል። ያን ያህል የሚደከመው በዲ እና በጂ መካከል ያለው ልዩነት በሌላ መንገድ ስለማይታይ ነው። የሠርግ አዳራሻችን ቀይና ሰማያዊ መብራት ከቪዲዮ ቀራጩ መብራት ጋር ተደምሮ በወረደበት ጣት ላይ፣ ያውም በቢጫ ወርቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዲ ነው ጂ ነው ብሎ የሚለይ ዓይን ቢኖር እኔ በበኩሌ ለቡና ቅምሻ ማዕከል ባስቀጠርኩት።

ሁለተኛው መስመር ስለ ንጽሕናው ነበር። እዚህ ላይ አጎትየው ቤታቸው የገቡ ያህል ተመቻቸው። «ስንት እንከን አለው?» ብለው ጠየቁ፤ ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው። ድንጋዩ 10 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ይመረመርና እንደ እንከኑ መጠን፣ ብዛትና ቦታ ከ11 ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል። የእኛይቱ ጠጠር ቪቪኤስ1 አግኝታለች፤ ይህም የሠለጠነ መርማሪ እንኳ በመነጽሩ እንከኗን ለማግኘት እጅግ ይቸገራል ማለት ነው። ከእሷ ሦስት ደረጃ ዝቅ ያለው ቪኤስ2 ግን እሱም ያለ መነጽር ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ዋጋው ብቻ በደንብ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር፣ ሙሽራው ማንም ለማያየው ንጽሕና ከፍሏል። በእርግጥ የሰፈራችን ሰው የሚያጎላው በ10 እጥፍ ብቻ አይደለም፤ የሙሽራውን እንከን እስከ አያቱ ወርዶ ቆጥሮ ከጨረሰ ሰንብቷል።

ክብደት ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ከቤቱ አልፎ ወደ ገበያ ወጣ። የሙሽራው አክስት «18 ካራት ነው» ስትል የሰማች እንግዳ፣ ስለ ወርቁ መሆኑን ሳትጠይቅ፣ በማግስቱ ሄርማታ ገበያ ላይ «18 ካራት አልማዝ ታሰረላት» ብላ አወራች። ወርቅ ላይ ካራት የሚለካው ንጥረቱን ነው፤ 24 ድፍን ወርቅ፣ 18 ደግሞ ከ24ቱ እጅ 18ቱ ወርቅ። አልማዝ ላይ ግን ክብደት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ አንድ ካራት 200 ሚሊግራም ሆኖ ጸንቷል። አጎትየው ይህን ሲሰሙ በልምዳቸው ወደ ፈረሱላ መነዘሩት፤ 17 ኪሎው ፈረሱላ 85,000 ካራት ሆኖ አገኙትና ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ጠጠሯ በትክክል 1.00 ካራት ናት። እዚህች ቁጥር ላይ ዋጋው ይዘልላል፤ የ0.95 ካራቷ እህቷ በዲያሜትር የምታንሰው በሚሊሜትር አንድ አስረኛ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ ገዢ ሁሉ ሙሉ ቁጥር ስለሚወድ ብቻ ረከስ ትላለች።

ወረቀቱ ላይ ማንም ያላነበባት አንዲት መስመር ቀርታ ነበር፤ አቆራረጥ። ድንጋዩን የሚያበራው ከአፈር ይዞት የመጣው ነገር ሳይሆን የቆራጩ እጅ ነው። ማዕዘኖቹ ልክ ከሆኑ ከላይ የገባው ብርሃን ውስጥ ለውስጥ ተንጸባርቆ በመጣበት ይመለሳል፤ ልክ ካልሆኑ በታች በኩል ሾልኮ ይጠፋል። ኢንስቲትዩቱ ለክብ አልማዝ የአቆራረጥ ደረጃ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን ደረጃዎቹ ምርጥ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛና ደካማ ናቸው። የእኛይቱ «መካከለኛ» ይላል። ቆራጩ አንድ ካራቷን ላለማጉደል ሲል ሆዷን አወፍሮ ትቷታል፤ ክብደቱ ከታች ወርቁ ውስጥ ተቀብሮ ከላይ የሚታየው ስፋቷ 6 ሚሊሜትር ብቻ ሆነ፤ በደንብ የተቆረጠች አንድ ካራት ግን ወደ 6.5 ትጠጋለች።

«ታዲያ ጥሬውን አይታችሁ ነዋ የገዛችሁት፤ ስኒውን ማን ቀመሰው?» አሉ አጎትየው። ነገሩን ከዚህ በላይ ያስረዳኝ ሰው የለም። በቡና ምዘና ከመቶው 40 ነጥብ የጥሬው ሲሆን 60ው የቅምሻው ነው። የአልማዝ ገዢ ግን በዲ እና በቪቪኤስ ጥሬውን ሲያወድስ ውሎ ስኒውን ሳይቀምስ ገንዘቡን ይቆጥራል።

የሙሽሪት ወንድም ደግሞ ከላቦራቶሪ የወጣች እንዳትሆን ብሎ ሰጋ። የላቦራቶሪ አልማዝም አልማዝ ነው፤ በዓይንም በተራ መነጽርም ከመሬት ከወጣው አይለይም፣ መለያው የምርመራ መሣሪያ ነው፣ ዋጋው ግን እጅግ ዝቅተኛ ነው። ወረቀቱ ከመሬት የወጣች ናት ይላል፤ የቀረው ወረቀቱ የራሷ መሆኑን ማጣራት ነው። ለዚህም መርካቶ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ተኬደ። ሰውየው መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቀለበቱን በቀስታ ሲያዞር ቆየና «ወገቧ ላይ ጽሑፍ አላት» አለ። በሌዘር የተጻፈው ቁጥር አንድ በአንድ ተነበበ፤ ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። ወረቀቱ ላይ የሌለው ዋጋ ብቻ ነው፤ ኢንስቲትዩቱ ደረጃ እንጂ ዋጋ አይጽፍም። አጎትየው መልሶ መሸጥ ቢመጣ በስንት እንደምትሸጥ ጠየቁ፤ ከተገዛችበት እጅግ ባነሰ መሆኑ ሲነገራቸው ወርቁን ብቻ በጣታቸው መዘን መዘን አደረጉት።

ደግነቱ የመመለሻው ቀን አላለፈም ነበርና የሙሽራው እህት ዱባይ ሆና ጠጠሯን ለወጠቻት። አዲሲቱ 0.90 ካራት፣ ቀለሟ ጂ፣ ንጽሕናዋ ቪኤስ2፣ አቆራረጧ ምርጥ ነው፤ ከላይ ስትለካ 6.2 ሚሊሜትር፣ ከቀድሞይቱ ትሰፋለች፣ ትበልጥም ታበራለች፣ የተረፈው ገንዘብም ለድንኳኑ ወጪ ዋለ። የሙሽሪት እናት የተስማማችው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። አንድ የነበረው ወደ 0.90 መውረዱን ከዚህ ቤት ውጭ ማንም እንዳይሰማ፤ የጠየቀ ጎረቤት ካለም 18 ካራት ነው ይባልልኝ አለች፤ ወርቁ በእርግጥም 18 ስለሆነ ውሸት የለበትም።