የመብራት ቢል ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ

የመብራት ቢል የሚያዘጋጀውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። የራስህ ቤት ቢል ይገባሃል ወይ?

የምሬን ነው። ወረቀቱ ላይ የሌለ ቁጥር የለም። የደንበኛ ቁጥር፣ የውል ቁጥር፣ የቆጣሪ ቁጥር፣ የደረሰኝ ቁጥር። የመክፈያው ቀን በደማቁ ተጽፏል። ቀኑ ካለፈ ቅጣት እንዳለውም እንዲሁ፤ እሷ ጋ ሲደርሱ ቀለም አያልቅባቸውም። እኔ የምፈልጋት አንዲት ቁጥር ግን የለችም። አሁን ተነስቼ ውሃ ማሞቂያውን ባበራው፣ የሚቀጥለው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ያስከፍለኛል? ዕቃውን ዛሬ ውሰድ፣ ዋጋውን ከወር በኋላ እንነግርሃለን የሚል ሱቅ ቢኖር ማን ይገባል? መብራት ላይ ግን ሁላችንም ገብተናል።

አቤት ልል ስሄድ በመስኮቱ በኩል የሚሰጠኝ መልስ ሁሌም አንድ ነው። "የተጠቀሙት ነው የመጣልዎት።" በትሕትና ነው የሚነገረኝ፣ አይካድም። ለምን ጨመረ? የተጠቀሙት ነው። ቤት አልነበርንም እኮ! ቆጣሪው የቆጠረው ነው። እሺ፣ እንዴት እንደተሰላ ያሳዩኝ። እሱን ሲስተሙ ነው የሚያሰላው። ሲስተሙ! ከሲስተም ጋር ማን ተከራክሮ ይረታል?

እናም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ራሴው ቁጭ አልኩ። ሒሳቡ ከባድ አይደለም፤ ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። ከአሁኑ ንባብ ላይ ያለፈውን ንባብ ትቀንሳለህ፣ የቀረው ፍጆታህ ነው። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት 1000 ዋት የሚበላ ዕቃ አንድ ሙሉ ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው ነው። 2000 ዋት ምድጃ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። 10 ዋት አምፖል 100 ሰዓት ይፈጅበታል። በቃ። እስከዚህ ድረስ የሰፈር ሕፃንም ይገባዋል።

ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እርከን የሚባል ነገር አለ።

ብዙ ቦታ የቤት መብራት ዋጋው አንድ አይደለም። ትንሽ ለተጠቀመ በርካሽ፣ ብዙ ለተጠቀመ በውድ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አቅም የሌለው ሰው ቢያንስ አምፖሉን ያለ ስጋት ያብራ ነው። አልቃወምም። ችግሩ እርከን የሚታሰበው በሁለት ዓይነት መንገድ መሆኑ ነው፤ የእኔ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቢሉ አይናገርም።

እንበል እስከ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋው 1 ነው፣ ከዚያ እስከ 200 ድረስ 2፣ ከ200 በላይ 3። የገንዘቡን ስም እናንተ ሙሉበት። 101 ተጠቀምክ። በአንደኛው መንገድ 100ው በ1 ይታሰብና ያቺ አንዷ ብቻ በ2 ትታሰባለች፤ ድምሩ 102 ነው። በሌላኛው መንገድ 100ን ካለፍክ ሁሉም፣ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ፣ በ2 ይባዛል። 202! በአንዲት ኪሎ ዋት ሰዓት ሒሳብህ እጥፍ ሆነ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢሉ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ካውያውን ያቆየዋል። የማያውቀው የቤቱን ልብስ ሁሉ ሲተኩስ ያመሻል።

አሁን ወደ ዋናው ቁስሌ ልምጣ። ግምት!

ቆጣሪ አንባቢው ሳይመጣ ሲቀር፣ ወይም መጥቶ በሩ ተዘግቶ ሲጠብቀው፣ ቢሉ በግምት ይወጣል። ግምቱ ዝቅ ካለ ማንም አይጮኽም። እንዲያውም ቤት ውስጥ ሁሉም የቁጠባው ጀግና እኔ ነኝ ይላል። በሚቀጥለው ወር አንባቢው ይመጣና እውነተኛውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። የቀረው ሁሉ በዚያ ወር ላይ ይቆለላል። ስትጠይቅ "ያልከፈሉት ልዩነት ነው፣ ትርፍ የለውም" ይሉሃል። ትርፍማ አለው። ቁጭ ብለን እናስላው።

ሁለቱንም ወር 150፣ 150 ተጠቀምክ እንበል፤ አሰላሉም የመጀመሪያው፣ ቀለል ያለው መንገድ ይሁን። በወቅቱ ቢነበብ በየወሩ 100ው በ1፣ 50ው በ2 ይታሰባል። 200 ትከፍላለህ። ለሁለት ወር 400። አሁን የመጀመሪያው ወር በግምት 50 ተባለና 50 ከፈልክ። በሁለተኛው ወር ቆጣሪው ሲነበብ ከ300ው 50ው ተቀንሶ 250 ቀረ። 100 በ1፣ 100 በ2፣ 50 በ3። 450 መጣ። ከፊተኛው ጋር 500። አንዲት አምፖል ሳትጨምር 100 ጨመርክ ማለት ነው። መብራቱ ያው 300 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የተለወጠው የእነሱ ሰው የመጣበት ቀን ብቻ ነው። ያንን 250 ከተከፈለው 50 ጋር ደምሮ ለሁለት ወር አካፍሎ ማስላት ምን ያህል ይከብዳል? ሲስተሙ እንዲህ ዓይነት ነገር አይወድም መሰለኝ።

ቀኑም ራሱ አንድ ጣጣ ነው። አንዱ ቢል የ28 ቀን ይሆንና የሚቀጥለው የ35 ይሆናል። ሰባት ቀን ትርፍ የሩብ ቢል ጭማሪ ነው። አንተ ግን "ወር" ስለሚል ብቻ ወርን ከወር ታወዳድርና ሚስትህ ላይ፣ ባልሽ ላይ፣ ልጆች ላይ ትጮኻላችሁ።

ተከራይ የሆነ ሰው ደግሞ ነገሩ ይብስበታል። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል እንበል። እያንዳንዱ 80 ብቻ ነው የሚጠቀመው። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በርካሹ እርከን ውስጥ ናቸው፣ 80፣ 80 ይከፍላሉ። በአንድ ቆጣሪ ግን ድምሩ 320 ነው። 100 በ1፣ 100 በ2፣ 120 በ3፤ 660 ይመጣል። ለአራት ሲካፈል 165። ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻውን 320 ከሚያነድ ሰው እኩል ታሪፍ ማለት ነው። ለአቅመ ደካማው ተብሎ የወጣው ዋጋ አቅመ ደካማው ጋ አይደርስም። በዚህ ላይ ማን ፍሪጅ አለው፣ ማን ማታ ቴሌቪዥን ከፍቶ ይተኛል የሚለው ጭቅጭቅ አለ። ጎረቤት ከጎረቤት የሚያኳርፈው ይሄ ነው።

ጭቅጭቅ ካነሳን፣ እባካችሁ ቻርጀሩን ተዉት። በየቤቱ "ቻርጀር ንቀሉ!" እያለ የሚዞር አንድ ሰው አይጠፋም። የአብዛኛው ስልክ ባትሪ የሚይዘው 15 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የሚባክነውን ጨምረን 20 እንበለው። በየቀኑ ቻርጅ ብታደርግ በወር 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 50 ሊትር የሚይዝ ውሃ ማሞቂያ ግን ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለመድረስ ብቻ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። አንድ ሙሌት ሙቅ ውሃ፣ አራት ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው የስልክ ቻርጅ ነው። ያው ቻርጀር ንቀሉ ባዩ ሰውዬ ሻወር ገብቶ ሲዘፍን ይቆያል። የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ነው ቢል የሚያወጣው፤ ምድጃው፣ ካውያው፣ ውሃ ማሞቂያው። ሌት ተቀን የማይጠፋውን ዋይፋይም አትርሱት፤ 10 ዋት ብቻ ቢበላ እንኳ በ30 ቀን 7.2 ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በሐቅ ልናገር። ምንም ሳልጠቀም ለምን እከፍላለሁ እያለ የአገልግሎት ክፍያውን የሚረግም ብዙ ሰው አለ። እሷን እንኳ እረዳታለሁ። አንተ ብታበራም ባታበራም ምሰሶው ቆሟል፣ ሽቦው ተዘርግቷል፣ ጣቢያው አንተን ይጠብቃል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ሆፕኪንሰን ገና በ1892 እ.ኤ.አ. ክፍያው ለሁለት ይከፈል ብሎ ነበር፤ አንዱ ለመጠበቁ፣ ሌላው ለተበላው። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ቢሉ ላይ "ልዩ ልዩ" ብላችሁ ሦስት ነገር ጠቅልላችሁ አትለፉኝ ነው የምለው።

የማይነበብ ቢል ደግሞ የዛሬ ነገር እንዳይመስላችሁ። የኤዲሰን ጣቢያ በ1882 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ መብራት መስጠት ጀመረ። ኩባንያው ይጠቀምበት የነበረው ቆጣሪ ቁጥር አልነበረውም። ፈሳሽ ውስጥ የተነከሩ የዚንክ ሳህኖች ነበሩት። ሠራተኛ በየጊዜው እያወጣ ይመዝናቸዋል፣ በክብደታቸው ለውጥ ቢል ይሠራል። ደንበኛው አይቶ የሚያረጋግጠው ነገር አልነበረም። ይመስገነው፣ ዛሬ ቆጣሪው ቁጥር ያሳያል። ሚስጥሩ ከቆጣሪው ወጥቶ ታሪፉ ውስጥ ገባ እንጂ።

ቆጣሪውን ግን ማናገር ይቻላል። ዲጂታሉ ፊቱ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለችው። አጠገቧ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነ አንዷ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ናት። በደቂቃ 10 ጊዜ ብልጭ ካለች በሰዓት 600 ነው፤ ቤቱ አሁን 600 ዋት እየበላ ነው ማለት ነው። አንዱን ዕቃ አጥፍታችሁ ተመልሳችሁ ቁጠሩ፤ ምን ያህል እንደሚበላ ወዲያው ይታያችኋል። ዋናውን ማጥፊያ ዘግታችሁም ብልጭታው ከቀጠለ ግን ወይ ቆጣሪው ችግር አለበት ወይ ሌላ ሰው በእናንተ ላይ ተቀጥሏል፤ ነካክታችሁ ሳይሆን አመልክታችሁ አስፈትሹት። ንባብ ራሳችሁ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በአሮጌዎቹ ቆጣሪዎች ላይ መጨረሻ ያለችው ቀይ አኃዝ ብዙውን ጊዜ አትቆጠርም፤ ከነጥብ በኋላ ያለችው ናት። እሷን አብሮ የላከ ሰው ንባቡን በአሥር አባዛው።

የምጠይቀው ይህን ያህል ብዙ አይደለም። ቢሉ ላይ ሦስት መስመር ይጨመርልኝ። ስንተኛው እርከን ላይ እንደቆምኩና የሚቀጥለው ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋው። ንባቡ የስንት ቀን እንደሆነ። ደግሞም ሰው አይቶ ያነበበው ነው ወይስ ግምት። ይህቺን የመጨረሻዋን በደማቁ፣ ልክ ቅጣቷን እንደሚጽፉት አድርገው።

የእኔ ቢል ላይ ግምትን የምታመለክተው ጥግ ላይ የተወሸቀች አንዲት ፊደል ናት። ምን ማለት እንደሆነች ወረቀቱ ላይ የትም አልተጻፈም፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውም ጓደኛውን ጠይቆ ነው የነገረኝ። እናንተ ጋ በምን ምልክት ነው የሚጻፈው? ቢላችሁን አውጡና እዩት፣ ከዚያ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የተከመረባችሁ ካለም ሁለቱን ቢል ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስሉት። እኔ ያሰላሁትን ከቆጣሪው ፎቶ ጋር አያይዤ አስገብቻለሁ፤ እስካሁን የደረሰኝ መልስ "ጥያቄዎ ተመዝግቧል" የሚል ነው፣ ከሲስተሙ።