ይድረስ ለክቡር የቴአትር ፖስተር፣ ባሉበት ግድግዳ

ጉዳዩ፦ ሰዓት እንዲነገረን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ለመልክዎ ያለኝን አድናቆት ልግለጽ። ደሴ ፒያሳ ላይ እንደርስዎ ያማረ የለም። የዋናው ተዋናይ ፂም አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ እንባ ያቀረረችው ልጅ ከአስፋልቱ ማዶ ትታያለች። ስፖንሰሮቹም፣ ዓይን አይግባቸውና፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፈዋል። ከሥር በቀይ ቀለም «ሰዓት ይከበር!» ብለዋል። እናከብራለን፣ ምን ገዶን። ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ይንገሩን።

«መግቢያ በተመጣጣኝ ዋጋ» ማለትዎም እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከምን ጋር ነው የተመጣጠነው? ከጤፍ? ከሽንኩርት? ሦስት ልጅ አስከትሎ የሚመጣ አባወራ ኪሱን የሚዳብሰው ከቤቱ ሳይወጣ እንጂ፣ ልጆቹ እያዩት በር ላይ ቆሞ አይደለም።

ቦታውን «በታላቁ አዳራሽ» ብለው አለፉት። ክቡርነትዎ፣ ይህ እኮ ደሴ ነው! እዚህ ታላቅ አዳራሽ ሲባል የሽማግሌው ሁሉ ልብ የሚሄደው ንጉሥ ሚካኤል ወዳሠሩት አይጠየፍ ነው። የኮምቦልቻዋ አክስቴም ልባቸው እዚያው ሄደ። የደሴን ብርድ ስለሚፈሩ ጋቢ ደርበው፣ በሐረጎ ዳገት ጭጋጉን ሰንጥቀው መጡና ቀጥ ብለው አይጠየፍ። ጥበቃው «እማማ፣ እዚህ ቴአትር የለም» ቢላቸው፣ «ታዲያ ከዚህ የሚበልጥ የት ሠራችሁ?» አሉት። አፈላልገው በባጃጅ ትክክለኛው አዳራሽ ሲደርሱ ዋናው ሰውዬ ሞቶ፣ ተለቅሶለት፣ ውርሱ ላይ ክርክር ተጀምሯል። እሳቸው ግን ለማያውቁት ሟች አልቅሰው ነው የተመለሱት፤ ወሎዬ ናቸዋ።

የሚያልቅበት ሰዓትማ ጭራሽ ትዝም አላለዎት። ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው፣ ማምሻውን የሚወርድ ሚኒባስ ያጣል። ስለዚህ ጀግናው ጎራዴ ሲመዝ የኮምቦልቻ ሰው ሰዓቱን ያያል።

በሀብታም ቡድን ላይ ቢቀልዱ ባልከፋኝ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር አዲስ አበባ ላይ የራሳቸው ቤት አላቸው፤ ተመልካቹም የትኛው ቴአትር በየትኛው ቀን እንደሚታይ ይዞታል። የእርስዎ ልጆች ግን ከሥራና ከትምህርት በተረፈች ሰዓት የሚለማመዱ፣ ትርፍ የሚባል የማይካፈሉ፣ አዳራሽ በተገኘ ቀን የሚያሳዩ ናቸው። የበሩ ገንዘብ ለኪራይ፣ ለድምፅ ማጉያና ለልብስ ይሄዳል። ወንበር ባዶ በቀረ ቁጥር ንጉሡ በሚቀጥለው ቴአትርም ያንኑ የሆቴል መጋረጃ ለብሶ ይነግሣል። ቋሚ ቀን ለሌለው ቡድን ደግሞ አፉ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ፂም ያሳዩናል። የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ድምፃዊቷን ማሪቱ ለገሰን ባፈራበት ሀገር ሰው መድረክ ጠልቶ አይደለም የቀረው።

«ለበለጠ መረጃ» ያሉትንም ሞክረናል። የስልክዎ የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች «ሞግዚት እንፈልጋለን» በሚል ወረቀት ተሸፍነዋል። ሦስት ሰው ገምቶ ደውሎ፣ አንዱ ጋራዥ አግኝቷል።

ቀን፣ የመጀመሪያና የማብቂያ ሰዓት፣ የአዳራሹ ስም ከሰፈሩ ጋር፣ የአዋቂና የልጅ ዋጋ። ይህ ሁሉ ለፂሙ ከተሰጠው ቦታ ሩብ ላይ ይበቃል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ ቲኬት የት እንደሚቆረጥ የጠፋው ተመልካች

ግልባጭ፦
ከአናትዎ ላይ ለተለጠፈው «የሚከራይ ቤት»፣ ዋጋውን ቁርጥ አድርጎ ስለጻፈ።