ከሴራሚኩ በፊት መስኮቱን እዩ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ በሃያ ሁለትና በቺቺኒያ አካባቢ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» እየተባለ የሚሸጥ አፓርታማ ማስታወቂያው ሁሌም አንድ ነው፦ አዲስ ሴራሚክ፣ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ የሚያብረቀርቅ የኩሽና ካቢኔት፣ ለመዝናኛ ቅርብ። ገዢው ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ ብር ይጠየቃል። ሌሊት መኝታ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሰማ ግን ማንም አይነግረውም። ጭፈራ ቤትና ላውንጅ በተደረደረበት ሰፈር የድምፁን ችግር ያልነካ እድሳት የቤቱን ዋጋ ከፍ ሊያደርግ አይገባም ብለን እናምናለን።

የአገራችን የድምፅ ደረጃ በመኖሪያ አካባቢ ድምፁ ቀን ከ55፣ ማታ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55 ነው። ማታ ተብሎ የተወሰነው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ደላላ ግን ቤት የሚያሳየው በጠራራ ፀሐይ፣ ክለቡ ዝግ በሆነበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ዓርብ ወይም ቅዳሜ ከሌሊቱ 5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ቤቱን እንደገና ለማየት ጠይቁ። ይህን ከማይፈቅድ ሻጭ ጋር ውል መጀመር የለባችሁም።

መኝታ ቤት ገብታችሁ መስኮቱን ዝጉና ሁለት ዓይነት ድምፅ ለዩ። የሰው ጫጫታ፣ የመኪና ጥሩምባና የዘፋኝ ድምፅ በአየር የሚመጣ ነው፤ ዋናው መግቢያው መስኮት ነው። በከተማችን የተለመደው ተንሸራታች አልሙኒየም መስኮት መስታወቱ አንድና ቀጭን ነው፤ በሐዲዱና በሁለቱ ተንሸራታቾች መሀል ደግሞ ክፍተት አለው። አየር በገባበት ሁሉ ድምፅ ይገባል። እጣን አጭሳችሁ በጠርዙ ዙሪያ ብታዞሩት ጭሱ የሚሳብበት ቦታ ክፍተቱን ያሳያችኋል። ለእንዲህ ያለ ሰፈር የሚሆነው በማጠፊያ የሚከፈት፣ ሲዘጋ ጎማ ላይ የሚጫን፣ ውፍረታቸው የተለያየ ሁለት መስታወቶች ያሉት መስኮት ነው፤ ለምሳሌ 6 እና 4 ሚሊ ሜትር። ውፍረታቸው እኩል ከሆነ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ አብረው ስለሚንቀጠቀጡ ያንኑ ድምፅ ያሳልፉታል። ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትንም መርምሩ። ክፍተቱ በደንብ ሳይደፈን ከላይ በልስን ብቻ ከተሸፈነ፣ ልስኑ ሲሰነጠቅ ጫጫታው ይመለሳል።

የቤዝ ምት ግን ሌላ ነው። በወለሉና በኮንክሪት አምዱ በኩል ይጓዛል። እጃችሁን ግድግዳው ላይ ስታሳርፉ የሚርገበገብ ከሆነ ክለቡ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ወይም ተያይዞ በተሠራው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ይህን ምት መስታወት አያስቆመውም፣ ግድግዳው ላይ አንድ ንብርብር ጂፕሰም መጨመርም ብዙ አይረዳም። ልጆች ያሉት ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ቤት በምንም ዋጋ ባይገዛው እንመክራለን።

አዳሾች በረንዳውን በመስታወት ዘግተው መኝታ ቤት የሚያደርጉትም ነገር ያሳስበናል። ካሬው ይጨምራል፤ አልጋው ግን ወደ መንገዱ ይጠጋል።

ከዚያ በኋላ የተሸፈነውን ፈልጉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈጃል፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይሆናል። በአሮጌ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ አዲስ ሶኬት ብቻ ከተገጠመ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ለምጣዱ ለብቻው የተሳበ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መስመርና የራሱ ብሬከር መኖሩን በባለሙያ አስፈትሹ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዲሱ ሴራሚክ በአሮጌው ላይ ተለጥፎ ከሆነ ወለሉ በሩ ሥር ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው ውኃ መከላከያም አልታደሰም ማለት ነው። መውረጃውን ደፍናችሁ 3 ሴንቲ ሜትር ውኃ ለ24 ሰዓት አቁሙ፤ ከዚያ የታችኛውን ጎረቤት አስፈቅዳችሁ ኮርኒሱን እዩ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶው የት እንደተቀመጠም ጠይቁ። 1,000 ሊትር ሲሞላ 1 ቶን ይመዝናልና በረንዳ ላይ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው አትቀበሉ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የቤቱን ስፋት ከማስታወቂያው ሳይሆን ከካርታው ውሰዱ፤ የጋራ መተላለፊያው ተደምሮ የሚነገር ካሬ ብዙ ነው። የዕዳና እግድ ማጣሪያ አስወጡ፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ይኑር። ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ በወኪል የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መጥቀስና አለመሻሩ መረጋገጥ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ ስላለበት፣ በደላላ ቢሮ በተፈረመ ወረቀት ሙሉ ክፍያ አትስጡ።

በጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚተዳደር ሕንፃ ከሆነ መተዳደሪያ ደንቡን ተቀብላችሁ አንብቡ። ምድር ቤቱ ለጭፈራ ቤት እንዳይከራይ የሚከለክል አንቀጽ ከሌለው፣ ዛሬ ፋርማሲ የሆነው ክፍል የኪራይ ዘመኑ ሲያልቅ ለክለብ ሊሰጥ ይችላል።