ጎሉን ማን እንዳገባ የጻፈ የለም

ደሴ ዙሪያ ያለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት ዋንጫ በልቷል። ለእረፍት አገር ቤት በገባሁ ጊዜ ዋንጫውን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ፋይል መደርደሪያው አናት ላይ ተቀምጧል። አንድ ጆሮው ተነቅሏል። ውስጡ የጠመኔ ስብርባሪና የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ አለበት። ገልብጬ ባየው የውድድሩ ስምም ሆነ ዓመተ ምሕረቱ የለበትም።

"ጎሉን ማን አገባው?" ብዬ ጠየቅሁ። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ትንሽ አሰቡና "አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ቀጠን ያለ" አሉኝ። የተጫዋቾቹ ዝርዝርስ? "የስፖርት መምህሩ ጋ ነበር፣ ወንድሜ። እሱ ደግሞ ተዛወረ።" በቃ። ያ ሁሉ ልጅ የሮጠበት ዓመት ከአንድ መምህር ዝውውር ጋር አብሮ ሄደ።

ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። የሚያንገበግበኝም ሌላውን ስላየሁ ነው።

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ለሃይስኩሉ ቀኝ ተመላላሽ ሆኖ ይጫወታል። እዚያ የትምህርት ቤት እግር ኳስ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ነው፤ ጨዋታው አርባ አርባ ደቂቃ፣ በድምሩ 80። ባለፈው ወቅት ቡድኑ የተሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከምድቡም አንደኛ ወጣ። ደስ ብሎኛል፤ የደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጫፍ አንዲት ተማሪ ትቀመጣለች። ወረቀት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፊሽካ እስከ ፊሽካ ትጽፋለች፦ ማን ሞከረ፣ ማን አቀበለ፣ በረኛው ስንት ኳስ አዳነ፣ ስንት የማዕዘን ምት ተመታ። ዝናብ ሲመጣ ወረቀቱን በጃኬቷ ሸፍና ትጽፋለች። ኳስ አትጫወትም፤ ግን የቡድኑ አባል ናት፣ ስሟም ከተጫዋቾቹ ዝርዝር ሥር አለ። ማታ ውጤቱ በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ይወጣል፤ አሰልጣኙም ለአካባቢው ጋዜጣ ይልከዋል። የእህቴ ልጅ ወቅቱን ሙሉ ጎል አላገባም። አንድ ቀን ግን ያሻማት ኳስ ጎል ሆነችና ስሙ "አቀባይ" ተብሎ ታተመ። እህቴ ቆርጣ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች።

የመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ሲሆን ደግሞ የ12ኛ ክፍል ተጫዋቾች ከወላጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ በድምፅ ማጉያ ስማቸው እየተጠራ ሜዳ ይገባሉ። የእህቴ ልጅ ተራ ሲደርስ እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ስም ጠሪው ሰውዬ ጨዋታው ሳይጀመር መጥቶ "የልጅሽን ስም እንዴት ብዬ ልጥራው?" ብሎ ጠይቋት ነበር። እስኪያስተካክል ድረስ ደጋግሞ ተለማመደው።

"ገንዘብ ስላላቸው ነው" የሚለኝ ብዙ ነው። ገንዘብማ አላቸው። ልጁ ሐኪም ሳያየው ልምምድ አይጀምርም፤ የትምህርት ውጤቱ ከተወሰነው በታች ከወረደ አይሰለፍም፣ ይህን የሚከታተል ሰው አለ። ሴቶቹም የራሳቸው ቡድን አላቸው፤ በፈረንጆቹ ከ1972 ጀምሮ በፌዴራል ገንዘብ በሚደገፍ ትምህርት ቤት ሴትን ልጅ ከስፖርት ማግለል በሕግ ተከልክሏል። ይህ ሁሉ በጀት ይፈልጋል፣ እስማማለሁ። ያቺ ልጅ የያዘችው ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ደሴ ጠፍቶ ነው?

ፍቅሩ ቢሆንማ እኛ ጋ ይበልጣል። ሜሪላንድ ሜዳው ዳር የሚቀመጠው ወላጅ ነው፤ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ይመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። ደሴ ግን የትምህርት ቤት ግጥሚያ ሲኖር ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚወጣው። እኔ ያየሁት ግጥሚያ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳውን ሲሸፍነው ሰው አልተነቃነቀም፤ ኳሷ የት እንዳለች የሚታወቀው በተመልካቹ ጩኸት ነበር። "አብሽር! አብሽር!" ይላል ሽማግሌው፣ ልጁን ይወቀው አይወቀው። ተቀያሪው ሊገባ ሲል የሚወጣው ልጅ መስመሩ ላይ ቁጭ ብሎ ታኬታውን አወለቀለት፤ ያኛው በእርጥብ ካልሲ ላይ አጥልቆ፣ ክሩን በጥርሱ ስቦ አጥብቆ ገባ። ጫማው ለሁለት አንድ ነው። በዚያ ጫማ የተገባ ጎል ነው እንግዲህ ያልተጻፈው!

በማግስቱ ፒያሳ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ተማሪ የአርሰናልን ተጫዋቾች ከነተቀያሪዎቹ፣ ማን መቼ እንደተጎዳና መቼ እንደሚመለስ ጭምር ነገረኝ። ደስ የሚል፣ ንቁ ልጅ ነው። "የትምህርት ቤታችሁ አምበል ማነው?" አልኩት። "እሱን እንኳ አላውቅም፣ ጋሼ" አለኝ። በእሱ አልፈርድም። የአርሰናሉን የሚነግረው ሺህ ሰው አለ፤ የራሱን ትምህርት ቤት የት ሄዶ ያንብበው?

አንዳንዱ ደግሞ ጦርነቱን ያነሳል። እውነት ነው፣ የ2014ቱን መከራ ማንም አይረሳውም። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሰው እጅ በነበሩበት ጊዜ፣ በሰሜን ወሎም ከዚያ በፊት ጀምሮ፣ ስንት ትምህርት ቤት ነው የተዘረፈውና የወደመው። ማህደሩ የጠፋበት ትምህርት ቤት ላይ ጣቴን አልቀስርም። ግን ያ ጆሮ የሌለው ዋንጫ ያምና ነው። እኔ በተማርኩበት በ1980ዎቹ መጨረሻም ዝርዝሩ አልነበረም፤ ያኔ ማን ዘረፈን?

ደግሞ ስም መያዝ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ዛሬ ኮሌጅ የሆነውን የደሴውን ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ውሰዱ። ከዚያ ግቢ ወጥተው ፖለቲካው ውስጥ የገቡትን፣ እነዋለልኝ መኮንንን፣ ደጋፊውም ነቃፊውም ስማቸውን ይጠራል፣ ይጽፋል፣ ይከራከርባቸዋል። በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ ኳስ የተጫወቱት ልጆችስ? ትልቅ ነገር መሥራትም አላቃተንም። ወልድያ ላይ ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ስታዲየም ጥር 2009 ተመርቋል፤ የከተማዋ ቡድንም ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ተጫውቷል። እዚያ ደረጃ የሚደርሰው ልጅ መጀመሪያ የሚታየው ትምህርት ቤት ነው። መልማይ ቢመጣ ምን አይቶ ይጠራዋል? "ቀጠን ያለ ልጅ" ብሎ?

የራሴንም ቤት ልናገር። ታላቅ ወንድሜ የትምህርት ቤቱ ዘጠኝ ቁጥር ነበር። ጭቃ ሜዳ ላይ በሁለት ተከላካይ መሀል ሾልኮ ሲያገባ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰው ተሸክሞት ከሜዳው እስከ ቤታችን በር አምጥቶታል፣ እናቴም ለተሸከሙት ሁሉ ዳቦ ቆርሳለች። ዛሬ ለልጆቹ ይህንን ሲያወራ ልጆቹ ይስቃሉ። ክፋት የላቸውም፤ ተረት መስሏቸው ነው። ስልካቸውን አውጥተው ስሙን ይፈልጉታል፣ አያገኙትም። የአክስታቸው ልጅ የአንድ ቀን አቀባይ ሆኖ ባሕር ማዶ ይገኛል፤ አባታቸው በገዛ ከተማው አይገኝም። ወንድሜ አሁን አሁን ማውራቱንም ትቷል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ይቅር።

ስለዚህ ጀምሬዋለሁ። አንድ ደብተር ገዝቼ የወንድሜን ዘመን ቡድን ስም በስልክ እየሰበሰብኩ ነው። አንዱ አዳማ ሾፌር ነው፣ አንዱ ሐይቅ መምህር፣ አንዱ ጅዳ። ሁለቱ የፍጻሜውን ሁለተኛ ጎል ማን እንዳገባ አልተስማሙም፤ ሁለቱንም ቃል ከነልዩነቱ ጽፌዋለሁ። በረኛው፣ ተከላካዮቹና አጥቂዎቹ ተገኝተዋል። የቀረኝ ግራ ተመላላሹ ነው። ከሰኞ ገበያ በኩል የሚመጣ፣ በግራ እግሩ ቅጣት ምት የሚመታ ልጅ እንደነበር ሁሉም ያስታውሳል፤ ስሙን የያዘ ግን አላገኘሁም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደሴ የተማራችሁ፣ የምታውቁት ካላችሁ ከነአባቱ ስም ጻፉልኝ። ያምናውን ቡድን ደግሞ ልጆቹ ከከተማው ሳይበተኑ እዚያው ያላችሁ መምህራን ያዙት።